ዱቄቱን በየደጁ

የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ጥድፊያ ስለማያውቅ ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» ይሉታል። ሚስቱ ሳትቀር «አንተ ለቀብርህም ታረፍዳለህ» እያለች ትስቅበታለች።

የጎረቤት ከተማ ተከባ ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ፣ የእርዳታ ዱቄት የሚያስገባ ሾፌር ተፈለገ። ቀድሞ እጁን ያወጣው እሱ ነበር። ታላቅ እህቱ ከነልጆቿ እዚያው ውስጥ ቀርታለች።

ኬላው ላይ ከተማዋን የከበቡት ወታደሮች የተደበቀ መሣሪያ እንፈልጋለን ብለው ጆንያዎቹን በሳንጃ ዘነጣጠሏቸው። ሽበታሙ ረዳቱ «ልጆቼ፣ ይሄ እኮ የሕፃናት ምግብ ነው» ቢል፣ አንዱ በሰደፍ አፉን አለው። ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። ሾፌሩ ደግፎ ጋቢና አስገባውና መንገዱን ቀጠለ።

ከተማው አደባባይ ላይ ሕዝቡ ተሰልፎ ጠበቃቸው። ማራገፍ እንደጀመሩ የመድፍ ጥይት ሰልፉ መሃል ወደቀ። የሾፌሩ ጆሮ ጭው አለ። አቧራው ሲገለጥ ዱቄቱ በደም ተለውሷል፤ ከክንድ የተቆረጠ እጅ የጆንያ ጫፍ እንደጨበጠ ቀርቷል። ቁስለኞቹን መኪናው ላይ እየጫነ ሳለ የእህቱን ትልቋን ልጅ ቆስላ አገኛት። ሆስፒታል ሳይደርሱ አለፈች።

ሬሳዋን ቤት ሲያደርስላት እህቱ አላለቀሰችም። «ወንድምዬ፣ ሁለተኛ እንዳትመጣ» አለችው።

«እትዬ፣ በረሃብ ልታልቁ ነው?»

«የሚያስፈጀን ሰልፉ ነው። ስንሰበሰብ ጠብቀው ይመቱናል።»

ነገሯ እንቅልፍ ነሳው። ተመልሶ ለእርዳታው ኃላፊ «ከእንግዲህ አደባባይ አልቆምም፤ በየደጁ አወርዳለሁ» አለው።

«በዚህ ቀስ በቀስ አነዳድህማ ሲያነጣጥሩብህ ይውላሉ።»

«እነሱ ከሚያልቁ እኔን ይምቱኝ።»

በሁለተኛው ጉዞ ረዳቱ ከንፈሩ እንዳበጠ መጣ። መኪናው በጠባቡ መንገድ ሲያዘግም እሱ ከላይ ጆንያውን በየበሩ ይጥላል፤ ሰው የሚወጣው መኪናው ካለፈ በኋላ ነው። መጨረሻው ሰፈር ሲደርሱ አነጣጣሪ ተኳሽ የፊት መስታወቱን በረቀሰው። ጥይቱ የሾፌሩን ትከሻ ሰባብሮ ወጣ።

«አቁም፣ ደምህ እየፈሰሰ ነው» አለ ረዳቱ በጋቢናው የኋላ መስኮት አጎንብሶ እያየው።

«የቀረውን ጣልና እንሄዳለን።»

በአንድ እጁ እየነዳ የመጨረሻው ጆንያ እስኪወርድ አልቆመም።

ግራ ክንዱ ዳግመኛ አልተነሣም፤ መንዳትም ቀረበት። ሌሎቹ ሾፌሮች ግን አደባባዩን ትተው በሱ መንገድ ገቡ። ከበባው እስኪያበቃ ከነሱም የሞቱ አሉ። እህቱና የቀሩት ልጆቿ ተርፈዋል።