ጥርሱ ሙሉ ፒያኖ

አባቴ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም ነበር? አናጺ ቤት ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይነሣብኛል። ባለፈው ሰሞን ከአማን ከተማ ወደ ሚዛን በእግሬ ስሄድ ዝናብ ያዘኝና አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ጣራ ሥር ተጠለልኩ። ሰጋቱራው ርጥበት ጠጥቶ ያን ጎምዘዝ የሚል የዋንዛ ሽታውን ለቆታል። ቆርቆሮው ከላዬ ይንጫጫል። ሠራተኞቹ መላጊያቸውን አስቀምጠው ዝናቡን ያያሉ። እኔም ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ቶሎ አልወጣሁም።

ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። እናቴ ስትሞት ታናሽ እህቴ ገና ጡት አልጣለችም ነበርና ማሳደጉ በእኔ ላይ ወደቀ። አባቴ በየመስከረሙ “ትንሽ ቆዪ፣ እሷ ትጠንክር” ይለኝ ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሌላ የሚይዝለት ሰው አልነበረውም። እሱ አናጺ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በር፣ አግዳሚ፣ አልጋ፣ አንዳንዴም የሬሳ ሣጥን ሲሠራ ይውላል። በመጨረሻ ደብተር ይዤ ስገባ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በቁመት እበልጥ ነበር። “እማማ” የሚል ስም አወጡልኝ። “እማማ፣ ሰሌዳውን አጥፊልን፣ አንቺ ትደርሻለሽ” ይሉኛል። መጽሐፍ ወዳድ ያደረገኝም ይኸው ይመስለኛል፤ ከመጽሐፍ ጋር ዕድሜ አይጠያየቁም።

ሲስተርን ያወቅኋት በዚያ ዘመን ነው። አማን በነርስነት የምትሠራ፣ ከቴፒ ተዛውራ የመጣች ሴት ነበረች፤ ሁላችንም ሲስተር እንላት ነበር። ተረኛ ካልሆነች ቅዳሜ ከሰዓት በቤተክርስቲያናችን ለወጣቶች ፒያኖ ታስተምራለች። ፒያኖ እንለዋለን እንጂ ያረጀ ኪቦርድ ነው፤ ያውም አንድ ብቻ። ከዳር በኩል ነጩም ጥቁሩም ቁልፍ ወልቆ ቀዳዳው ይታይ ነበር።

“በአንድ ጣት መምታት በር ማንኳኳት ነው” ትል ነበር ሲስተር። “እኛ ሦስት ሆነን ነው የምንገባው።” ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ የሚወጣው ድምፅ ኮርድ እንደሚባል ያስተማረችን እንዲህ ነው። አንዱን ነጭ ተጫኑ፣ ቀጣዩን ዝለሉ፣ ተጫኑ፣ ዝለሉ፣ ተጫኑ። ዶ፣ ሚ፣ ሶል። እስከዚያ ቀን ዜማ ለእኔ እንደ ክር ቀጭን ነገር ነበር። ሦስቱ ድምፆች እጄ ሥር አብረው ሲነሡ ግን ያቺ ጠባብ ክፍል የሰፋች መሰለኝ። እጄን ማንሣት ፈርቼ ተጭኜ ቀረሁ። “በይ ልቀቂው፣ ሌላም ሰው አለ” ብላ ጣቴን በጣቷ አነሣችው።

አንድ ነገር ደጋግማ ትነግረን ነበር። “ዶ የጠፋባችሁ እንደሆነ ጥቁሮቹን እዩ። ሁለት ሆነው ይቆሙና ክፍተት ይተዋሉ፤ ሦስት ሆነው ይቆሙና ክፍተት ይተዋሉ። ከሁለቱ በስተግራ ያለው ነጭ ዶ ነው። መንገድ የሚያሳያችሁ ክፍተቱ ነው።”

ኪቦርዱ አንድ፣ መብራቱም የሚጠፋው ቶሎ ቶሎ ስለሆነ፣ እያንዳንዳችን ቤት ቁልፎች የተሣሉበት ካርቶን እንድናዘጋጅ አዘዘችን። ጣት ድምፅ ባይሰማም ይማራል አለች። ክረምቱ ሲወጣ ትፈትነንና ኮርዱ እጁ ውስጥ የገባለትን አንድ ሰው ከወጣቶች መዘምራን ጋር ታስቀምጣለች። ያን ቦታ ፈለግሁት። በሕይወቴ ከሌሎች ጋር እኩል የጀመርኩት የመጀመሪያው ነገር ስለነበር አጥብቄ ፈለግሁት።

ለአባቴ ስነግረው ሥራውን ቀጠለ። በዚያው ሳምንት የቤተክርስቲያኑን አግዳሚ ሊጠግን ሄዶ ኪቦርዱን በሜትር ሲለካ ሰዎች እንዳዩት የሰማሁት በኋላ ነው። አንድ ማለዳ መደቡ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር አገኘሁ። ስገልጠው ጥሩ አድርጎ የተላገ የዋንዛ ጣውላ ነው። ነጮቹን በኖራ፣ ጥቁሮቹን ከአሮጌ ባትሪ ድንጋይ በተፈጨ ጥቁር ቀብቷቸዋል። መስመሩ በስኳድራ ተሰምሯል። ስፋቱ ልክ ነው። ጥቁሮቹ ግን ክፍተት የላቸውም። በየሁለቱ ነጭ መካከል አንዳንድ ጥቁር፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ አጥር ተደርድሯል።

“የቤተክርስቲያኑ ጥርሱ ወልቋል” አለኝ ከኋላዬ ቆሞ። “እዚህም እዚያም ጥቁሩ የለም። ያንቺን ሞላሁት።” ቤት የምንነጋገረው በቤንችኛ ነበርና በአማርኛ ስጽፈው ኩራቱ ይቀንሳል።

አናጺ ነው እኮ። ከዳር በኩል የእውነት የወለቁ ስላየ ሌላውም ክፍተት ሁሉ የወለቀ መሰለው። ጎዶሎ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም።

ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ጣቶቹን አየኋቸው፤ የባትሪው ጥቁር ከጥፍሮቹ ሥር ገና አልለቀቀም። አባቴ ይቅርታ የሚል ቃል ሲወጣው ሰምቼ አላውቅም። ስለ እነዚያ መስከረሞችም አንድ ቀን አንሥቶ አያውቅም። የዚያን ዕለት ግን ጣውላውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ “ይኼን ስትማሪ ቆዪ የሚልሽ የለም። ውሃውን እኔ እቀዳለሁ” አለ። ከዚህ በኋላ ተሳስተሃል የምልበት አንደበት ከየት ይምጣ?

ስለዚህ በየምሽቱ እፊቱ ተቀምጬ በእሱ ጣውላ ላይ ተለማመድኩ። እሱ መሮውን እየሳለ ጣቶቼን ያያል። ዶን ከየት እንደምጀምር የሚነግረኝ ክፍተት ስለሌለ በግምት እጀምራለሁ። ጥቁር ያለበት ኮርድ ሲመጣ ደግሞ እውነተኛው ጥቁር የትኛው እንደሆነ አይለይም። ጣቴ አንድ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ይማርና ቅዳሜ የእውነተኛው ፊት ሲቀርብ ይደናገራል።

“እማማ ዛሬም ዶ ጠፋባት” ይል ነበር አንዱ ቀልደኛ ልጅ። “በፖሊስ እናፈላልገው እንዴ?”

“አንተም ፋ ጠፍቶብህ ነው ያለኸው፤ መጀመሪያ የራስህን ፈልግ” ትለዋለች ሲስተር። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ቀስ ብላ “እጅሽ ቤት ምን እያበሉት ነው? ያስተማርኩሽን ይዘሽ ሄደሽ ሌላ ነገር ይዘሽ ትመጫለሽ” አለችኝ። እጄን ከኪቦርዱ አነሣሁ። ካርቶን ሠርቼ መደበቅ አስቤ ነበር፤ ግን ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ ካርቶኑን ካየ ጣውላውን ለምን እንደተውኩት ይጠይቃል።

ክረምቱ ሊጋመስ ሲል አባቴ በመሮ መዳፉን ቆረጠው። ሲስተር ከሥራ ስትመለስ ፋሻውን ልትቀይርለት ቤታችን ጎራ ማለት ጀመረች። በመጀመሪያው ቀን አስራ ስትጨርስ አባቴ በደኅና እጁ ጣውላውን አንሥቶ ጨቅላ ልጅ እንደሚያቅፍ አድርጎ አቀረበላት።

“ሲስተር፣ እስቲ የልጄን ይዩት።”

ጉልበቷ ላይ አኖረችው። አመልካች ጣቷን ከግራ ጀምራ በጥቁሮቹ ላይ አስኬደችው። ምን እየፈለገች እንደሆነ አውቃለሁ። ጣቷ ሳይቆም ቀኝ ዳር ደረሰ።

“ማን ሠራው፣ ጋሼ?”

“እኔ ነኝ። የናንተው ጎድሎ ስላየሁ የሷን ሞላሁት። እጄ ሲድን መጥቼ ያንንም እሞላላችኋለሁ።”

ቀና ብላ አየችኝ። እኔ የምድጃውን አመድ ማየት ጀመርኩ። እንዲህ ያለች ሴት፣ አንድ ጣት ሲሳሳት ዝም የማትል፣ አሁን ዝም አትልም ብዬ ነበር።

“ያ ያረጀ ነው፣ ጋሼ፣ ለእሱ አይድከሙ” አለች። “እጅዎ ግን ይባረክ። ለልጁ እንዲህ ተጠንቅቆ የሠራ አባት አላየሁም።”

ልሸኛት ስወጣ ደጁ ጭቃ ነበር፤ ከጎረቤት ጓሮ የረጠበ የቡና ገለፈት ይሸታል። አጥሩ ጋ ስንደርስ ቆመች።

“ታውቂያለሽ አይደል?”

“አውቃለሁ።”

“እና?”

“አባቴ ነው የሠራው፣ ሲስተር።”

ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። ከዚያ ልክ የመድኃኒት አወሳሰድ እንደምትነግር ሆና “ዓይንሽን ጨፍኚ” አለችኝ። “የነጮቹን ስፋት አላሳሳተውም። ዶ ሚ ሶል ስትይ እጅሽ የሚከፈተው ያንኑ ያህል ነው። ጥቁሮቹን ግን ጭንቅላትሽ ውስጥ በየቦታቸው አቁሚያቸው። ሁለት፣ ክፍተት፣ ሦስት፣ ክፍተት። እሱ የሠራውን አትዪ፤ እኔ ያልኩሽን እዪ።”

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ዓይኔን ጨፍኜ ተለማመድኩ። ጣቶቼ ጣውላውን ሲነኩ የሚሰማው ቀስ ያለ ጠብ ጠብ ብቻ ነው፤ ውጭ ዝናቡ፣ ውስጥ ይሄ። ታናሽ እህቴ ልታወራኝ ስትመጣ አባቴ እጇን ይዞ “ዝም በይ፣ እየጸለየች ነው” ሲላት ሰማሁ። ሳቄን ውጬ ቀጠልኩ። ጨለማው ውስጥ ጥቁሮቹ አንድ በአንድ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። በቀጣዩ ቅዳሜ ሲስተር ሁላችንንም ዓይን አስጨፈነችን። “ማየት ሰነፍ አድርጓችኋል” አለች። ያ ቀልደኛ ልጅ ኪቦርዱን ስቶ ጠረጴዛውን ሲጫን የሳቅነው ሳቅ አሁንም ይሰማኛል። ለእኔ ብላ እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ቦታውን አገኘሁት። የመጀመሪያው እሑድ አባቴ ራሱ በሠራው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከዝማሬው ይልቅ እጄን ነበር የሚያየው።

ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም የሚያሰኘኝ፣ የማልፈታው ነገር የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ሲስተር ወደ ማሻ ተዛውራ ነበር። ቤተክርስቲያኑ አዲስ ኪቦርድ ገዛና ማስቀመጫ እንዲሠራለት አባቴ ተጠራ። እኔም ነበርኩ። ከካርቶኑ ስናወጣው ገና ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸት ነበር። አንድ ቁልፍ አልጎደለውም፤ ክፍተቶቹ ግን እዚያው ቦታቸው ናቸው። አባቴ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። ሜትሩን ዘርግቶ ይዞ ነበር፤ አልለካበትም። ከዚያ ሜትሩን አጠፈና “እግሩ ምን ያህል ይርዘም?” አለኝ። ማታ ቤት ስንገባ ጣውላው እንደወትሮው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። አላነሣውም፣ አልቀባውም፣ ስለሱም አንድ ቃል አልተናገረም።

አሁን አባቴ አማን ውስጥ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀዶ ጥገናውን እንቢ ብሏል። እኔ ሳሎኑ ውስጥ ልጆችን ኮርድ አስተምራለሁ። እሱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይሰማል፤ አንዳንዴም “ያቺ ልጅ ትቸኩላለች” ብሎ ይፈርዳል፤ ብዙ ጊዜ ልክ ነው።

በየካቲት አንድ ቀን ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው የነገርኩት። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ቡናው አብቦ ነበር፤ ሽታው በመስኮቱ ይገባል። ምን እንዳናገረኝ አላውቅም። ምናልባት ከእንግዲህ ያን ጣውላ የሚያስታውስ ሰው ከእኛ በቀር እንደሌለ ስላሰብኩ ይሆናል።

“አባባ፣ ያኔ የሠራህልኝ ፒያኖ…”

“እህ።”

“ጥቁሮቹ መሞላት አልነበረባቸውም።”

ፊቱ ላይ መገረም ፈለግሁ፤ ዓይኑ ከከዳው ወዲህ ግን ፊቱን ማንበብ አይሆንልኝም። እጁን ዘረጋ። ይዤ ወደ ኪቦርዱ አመጣሁትና ጣቱን በጥቁሮቹ ላይ አስኬድኩት። ሁለቱን አልፎ ክፍተቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

“እዚህ ምንም የለም” አለ።

“የለም።”

“ሲሠራም አልነበረም?”

“አልነበረም።”

ጣቱን እዚያው ባዶው ላይ ወዲያና ወዲህ አደረገው። “ታዲያ በእኔው ጣውላ ላይ ያን ሁሉ ጊዜ የምትጫኚው፣ ድምፅ ቢኖረው ምን ይል ነበር?”

ነገር ካልተስተካከለ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ፤ ተማሪዎቼ ይመሰክራሉ። ይህን ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ተቀምጬ አሰላሁት። በእሱ ጣውላ ሚና ፋ መካከልም ጥቁር ስላለ፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ግማሽ ደረጃ ድምፅ ቢኖረው ሦስተኛው ጣት የሚያሰማው ከሶል ግማሽ ደረጃ ያለፈውን ነው። ዶን፣ ሚን፣ ከዚያም ያን ያለፈውን አንድ ላይ ተጫንኳቸው። እግሩን አንሥቶ ገና ያላሳረፈ ሰው የመሰለ፣ አንጠልጥሎ የሚቆይ ድምፅ ወጣ። ተማሪ ቢመታው ወዲያው እጁን የምይዝበት ድምፅ ነው።

አባቴ ድምፁ እስኪጠፋ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ።

“ይኼም አይጠላም” አለ።

“አይጠላም።”

“ድገሚው እስቲ።”

ሳላርመው ደገምኩለት።