የልብስ ሰፊዋ ምሳ

ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። ሃያ ስድስት ዓመት በነርስነት አገልግላ ጡረታ ስትወጣ አርፋ መቀመጥ አቃታትና የአረጋውያን እንክብካቤ ድርጅት ልትከፍት ተነሳች። ያውም በፍራንቻይዝ፤ የአንድ ትልቅ ድርጅት ስም፣ የደንብ ልብስና መመሪያ ወስዳ በእነሱ ስም ልትሠራ። ለዚህ ብላ ከእናቷ የወረሰችውን ቤት ሸጠች።

«ሽማግሌ መጦርም መመሪያ ይፈልግ ጀመር?» አላት ወንድሟ። «እስከ ዛሬ በምን ነበር የምንጦረው፣ በግምት?»

ሳቀች። መመሪያው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ፣ ትራስ አገላበጥ እንኳ ሳይቀር ተጽፎበታል። ስሙ የሚጸናላት ደግሞ ስድስት ወር ሠርታ፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ አይቶ ሲፈርም ነው። ካልፈረመ ስሙ ይነጠቃል፤ ቤቱ እንደሆነ ሄዷል። ሜዳ ላይ መቅረቷ ነው።

የመጀመሪያ ደንበኛዋ ድሮ ልብስ ሰፊ የነበሩ አሮጊት ናቸው። መርሳት ይዟቸዋል። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ። ምግብ የሚባል ነገር እምቢ አሉ። ሠራተኞቹ ተራ በተራ ማንኪያ ይዘው ቢለምኗቸው፣ ቢያባብሏቸው፣ ከንፈራቸውን ግጥም ነው። ከስተው ከስተው አጥንታቸው ቀረ።

አንድ ቀን ሲስተር ራሷ ሳህኑን ይዛ ስትገባ ቀና ብለው አዩዋት።

«መጣሽ ልጄ?»

ምን ትበል? «መጣሁ፣ እማዬ» አለች። አፋቸውን ከፈቱ።

ከዚያ ወዲህ ምሳ የእሷ ሥራ ሆነ። «ከሳሽብኝ» ይሏታል ሾርባውን እየጠጡ። «ባልሽ ነው አይደል እንዲህ የሚያደርግሽ?» ሲስተር ባል ኖሯትም አያውቅ። «እሱንማ ተውኩት፣ እማዬ» ስትላቸው፣ «እሰይ፣ ድሮም ዓይኑ አላማረኝም ነበር» ይላሉ። በሁለት ወር ውስጥ ጉንጫቸው ሞላ። እውነቱን ለመናገር እማዬ ማለቱ ለእሷም ሳይጥማት አልቀረም፤ የምትጠራው ሰው ካጣች ቆይታለች።

ገጽ አርባ አንድን አሳምራ ታውቀዋለች። «ሠራተኛ የደንበኛን ዘመድ መስሎ አይቀርብም፤ ሲጠየቅም እውነቱን ይናገራል» ይላል። እንዳላየች አለፈችው።

ተቆጣጣሪው ሳይነግር በምሳ ሰዓት ከተፍ አለ። ምነው ክፉ ሰው በሆነ፤ የሚረገም አይጠፋም ነበር። ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ገባና ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«መጣሽ ልጄ?» አሉ ልብስ ሰፊዋ።

ሲስተር ሾርባውን ጨልፋ ነበር። ማንኪያው እጇ ላይ ነው።

«እኔ ልጅዎ አይደለሁም» አለች። «የድርጅቱ ነርስ ነኝ።»

ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ታዲያ ልጄ የት ሄደች?»

አላውቅም ብትል ምን ነበረበት? ግን ተቆጣጣሪውን አየች፣ የሸጠችውን ቤት አሰበች።

«አርፋለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።»

«ሳልቀብራት?»

«ቀብረዋታል።»

«አልቅሼ ነበር?»

«አልቅሰዋል።»

«አላስታውስም» አሉ አሮጊቷ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ ልጃቸውን እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመሩ። ሾርባው እዚያው ቀዘቀዘ።

ተቆጣጣሪው ፈረመ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሥራዎ እንደ መመሪያው ነው» አላት፤ ዓይኗን ግን አላያትም።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ የሰሙትን ረስተውት ነበር። ሲስተር ይህን ስታይ ተስፋ አደረገች፤ ሳህኑን ይዛ ጠጋ አለችና፣ «እማዬ፣ መጣሁ» አለች። ገና ፊቷን ሲያዩ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ምን ሆኑ ብትላቸው ምን እንደሆኑ አያውቁትም። ማንኪያውን ወደ አፋቸው ስታስጠጋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሳህኑን ለሌላ ሠራተኛ ሰጥታ ወጣች፤ ለሠራተኛዋም አልበሉላትም።