እታለም እና የታገዱት ኢሜይሎች

እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነበር። ለቀረነው ሁሉ እታለም ነበረች፤ በፍራሽ ፋብሪካው ቢሮ ውስጥ ከሁላችንም ቀድማ የተቀጠረች፣ የዋና ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት። እኔ ሽያጭ ክፍል ነበርኩ። ጠረጴዛዬ ከእሷ ፊት ለፊት ስለነበር የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትንም እየሳቀች ራሷ ነግራኛለች።

እታለም መልስ ሳትሰጥ የምታልፈው ደብዳቤ አልነበረም። "ሰው ተቀምጦ ጽፎልሽ እንዴት ዝም ትያለሽ?" ትለኛለች። ደብዳቤው ቀርቶ ኢሜይል ሲመጣም አመሏ አልለቀቃትም። "ዕቃዎ መጋዘናችን ደርሷል፤ ለመረከብ እዚህ ይጫኑ" የሚል የአጭበርባሪ መልእክት ሲመጣ እኛ ሳናነብ እናጠፋዋለን። እሷ ግን ቁጭ ብላ ትመልሳለች፦ "ጤና ይስጥልኝ። እኔ ምንም ዕቃ አላዘዝኩም። ባለቤቱ ተጨንቆ ይሆናልና እባካችሁ ፈልጉለት።" ሰንበትበት ብላ ደግሞ፣ "ባለቤቱ ተገኘ ወይ?" ብላ ትጠይቃለች።

አንድ ቀን ግን ነገሩ ከሳቅ አለፈ። "የሥራ ማመልከቻ" ተብሎ የተላከ ፋይል፣ ሥራ አጡ ሰው አሳዝኗት፣ ከፈተችው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በእኛ ፎቅ ያለ ኮምፒዩተር በሙሉ ድርቅ ብሎ ቀረ። ከደንበኞች ጋር በስልክ እየተጯጯህን ስንሠራ ሰነበትን። እታለም ፊቷ አመድ መሰለ። "ጉድ ያፈላሁት እኔ ነኝ" እያለች ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞራ ሁላችንንም ይቅርታ ጠየቀች፤ የጽዳት ሠራተኛዋን ሳይቀር።

የኮምፒዩተር ባለሙያችን "አጥፍታችሁ አብሩት" ከሚለው በቀር ቃል የማያባክን ሰው ነበር። ኮምፒዩተሮቹን እንደምንም ካስነሳ በኋላ ግን ሰብስቦን፣ እስከዚያ ቀን ከአፉ ያልሰማነውን ረጅም ንግግር አደረገ።

"ከአሁን በኋላ የሚላክልን ኢሜይል በቀጥታ እኛ ጋ አይመጣም" አለ። "መጀመሪያ በኢንተርኔት በኩል ወደ አንድ የጥበቃ አገልግሎት ይሄዳል። ኮምፒዩተሮቹ እዚህ የሉም፤ ሌላ ድርጅት ነው ራቅ ካለ ቦታ ሆኖ የሚያንቀሳቅሳቸው። ክላውድ የሚሉት ይሄንን ነው። እዚያ ተፈትሾ ንጹሑ ያልፋል፤ ያጠራጠረው ማቆያ ውስጥ ይገባል።"

"ክላውድ ደመና ማለት አይደል?" አለ የመጋዘን ኃላፊው። "ክረምት ሲገባ ይብስበታል ማለት ነው?"

ባለሙያው ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈው። ማሽን ስለሆነ አንዳንዴ ደህናውንም ሊይዝ እንደሚችል፣ ስለዚህ ማቆያውን በየቀኑ እያየ ደህናውን የሚለቅ ሰው እንደሚያስፈልግ ነገረን። ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን። እሱ ወደ እታለም ጠቆመ።

"እኔን?" አለች ደንግጣ። "ሌባውን አስገብቼ፣ ደግሞ ዘበኛ ልሁን?"

"ኢሜይል እስከ መጨረሻው የምታነቢው አንቺ ብቻ ነሽ" አላት። "እነዚህማ ርዕሱንም አያነቡ።"

እታለም ሥራውን በሙሉ ልቧ ያዘችው። በእያንዳንዱ በታገደ ኢሜይል አጠገብ አገልግሎቱ ለምን እንደጠረጠረው ይጽፋል፤ እሷ ያንን እያነበበች "አሃ!" ስትል ትውላለች። መጠርጠር አንዴ ከለመደች በኋላ ደግሞ ማቆሚያ አጣች። የገዛ እህቷ የልጆቿን ፎቶ ብትልክላት፣ ስልክ ደውላ "አንቺ ነሽ የላክሽው? እስቲ ልጅ ሆነን እማዬ ምን ብላ ነበር የምትጠራኝ?" ብላ አፋጠጠቻት። እህቷ ለሳምንት ያህል አኩርፋት ነበር።

ዋና ሥራ አስኪያጁን ከኋላቸው "አስቸኳይ" እያልን ነበር የምንጠራቸው። ለየክፍሉ ኃላፊ የሚጽፉት ኢሜይል ሁሉ በዚህ ቃል ይጀምርና በቃለ አጋኖ ሰልፍ ያልቃል። ለእታለም ግን ጽፈውላት አያውቁም፤ የእሷ ነገር በራቸውን ከፈት አድርገው መጣራት ብቻ ነው። ጥበቃው በተጀመረ ሰሞን ደንበኞችን ሊጎበኙ ራቅ ወዳለ ከተማ ሄዱ። የቢሮውን ኢሜይል የይለፍ ቃል ረስተውት ኖሮ፣ ረሳሁ ማለቱ አሳፍሯቸው፣ ከስልካቸው በግል አድራሻቸው መጻፍ ቀጠሉ።

እኛ ደግሞ በዚያ ሰሞን ሰላም ወረደልን። "አስቸኳይ!!!" የሚል ነገር ከየትም አይመጣም። የመጋዘን ኃላፊው "ሰውየው ጉዞው ተስማምቷቸዋል መሰለኝ" አለ። የሒሳብ ሹሟ በሥራ ሰዓት ስታንጎራጉር ተሰማች።

ለካ ኢሜይሎቹ በሙሉ ማቆያ ውስጥ ተደርድረው ነበር። እታለም አንድ በአንድ አነበበቻቸው። "አስቸኳይ!!! አሁኑኑ ይፈጸም!!! ለማንም እንዳትናገሩ!!! ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሌላ ሥራ ይፈልግ!!!" ደሟ ፈላ። በአለቃዋ ስም እንዲህ ያለ ባለጌ ሲነግድ ዝም ማለት አልቻለችም። ለታገደ ኢሜይል መልስ እንዳትሰጥ ባለሙያው ያስጠነቀቃትን ረስታ ጻፈች፦

"ወንድሜ ሆይ፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም። በሥራ አስኪያጃችን ስም የምትጽፈውን ግን ደርሼበታለሁ። እሳቸው ጨዋ ሰው ናቸው። ሰው ላይ አይጮኹም፤ አያስፈራሩም፤ ሰላምታ ሳያስቀድሙም አይጽፉም። ደግሞ አጻጻፍህ ፈጣን ይመስላል፤ ደህና ሥራ ብትፈልግበት ይሻልሃል።"

ሥራ አስኪያጁ በተመለሱ ቀን እንደ ወትሯቸው እየሮጡ አልገቡም። ቀስ ብለው መጥተው ስልካቸውን እታለም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

"ይሄን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

እታለም መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አነበበች። "አዎ! እርስዎም ጋ ደረሰ እንዴ? ይሄ አጭበርባሪ እኮ..."

"አጭበርባሪው እኔ ነኝ።"

እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ እስክሪብቶ ነከስኩ።

"ሁሉንም የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

"ሁሉንም።"

"'ሌላ ሥራ ይፈልግ' የሚለውንም?"

"እሱንም።"

እታለም ይቅርታ ትጠይቃለች ብዬ ስጠብቅ፣ ከልቧ ግራ ገብቷት ቀና ብላ አየቻቸው። "ታዲያ እርስዎ ለምን እንዲህ ይጽፋሉ?"

ሥራ አስኪያጁ ባለሙያውን ጠሩ። "ንገረው ለዚህ ደመናህ! እኔ ማን እንደሆንኩ ንገረው!"

ባለሙያው ማቆያውን ከፍቶ አገልግሎቱ የጻፈውን ምክንያት አሳያቸው። ሥራ አስኪያጁ እንደ ምርመራ ውጤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት፦ ላኪው የኃላፊውን ስም ይጠቀማል፣ አድራሻው ግን የድርጅቱ አይደለም፤ ተቀባዩን ያጣድፋል፤ ምስጢር እንዲጠበቅ ይጠይቃል፤ ያስፈራራል።

"አድራሻውን ላስተካክልልዎ እችላለሁ" አለ ባለሙያው። "የቀረው የኔ ሥራ አይደለም።"

ሥራ አስኪያጁ እታለምን ወደ ቢሯቸው ጠርተው በሩን ዘጉ። ውስጥ የተባባሉትን በኋላ ነው የነገረችኝ።

"እሺ፣ እንዴት ነው የሚጻፈው?" አሉ እጃቸውን አጣምረው።

"መጀመሪያ ሰላም ይበሉ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ የፈለጉትን ይንገሯቸው፤ ለምን እንደፈለጉትም ጨምረው።"

"ሰላም እስክል የፈለግሁትን እረሳዋለሁ እኮ!" እየተነጫነጩም ቢሆን ጻፉ። ቃለ አጋኖዎቹን አንድ በአንድ ስታጠፋባቸው "ምንም ላታስቀሪልኝ ነው?" አሉ። እሷም አዘነችላቸውና "አንዷን ይያዟት" አለች።

ኢሜይሉ ማታ ላይ፣ ከቢሮው አድራሻ፣ ለሁላችንም ተላከ፦ "ውድ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የምሳ ሰዓታችን አጭር መሆኑ እንዳስቸገራችሁ ተረድቻለሁ። ነገ ጠዋት በአዳራሹ ተገናኝተን ስለ ማራዘሙ ብንነጋገር ደስ ይለኛል። እባካችሁ ኑ! አክባሪያችሁ።"

የጥበቃ አገልግሎቱ ፈትሾ ምንም እንከን ስላላገኘበት ወዲያው አሳለፈው። ያላሳለፍነው እኛ ነን።

"'ውድ ባልደረቦቼ'?" አለች በማግስቱ ጠዋት የሒሳብ ሹሟ።

"'አክባሪያችሁ' ይላል እኮ" አልኩ እኔ።

የመጋዘን ኃላፊው ከኋላችን ቆሞ አነበበውና ራሱን ነቀነቀ። "ምሳ ሰዓት ማራዘም? ይሄማ ዓይን ያወጣ ማጭበርበር ነው። ሰውየውን ጠልፈዋቸዋል።"

ባለሙያው በቅርቡ በኢሜይላችን ላይ "አጠራጣሪ ነው" የሚል አዝራር አስገብቶልን ነበር። ፎቁ በሙሉ ተጫነው። ያ ሁሉ ጥቆማ በአንዴ ሲዘንብበት ባለሙያው የሥራ አስኪያጁ ኢሜይል በሌባ እጅ ገብቷል ብሎ፣ በቅን ልብ፣ ቆለፈው።

እታለም ይሄንን ሁሉ አታውቅም። ከማለዳ ጀምሮ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ስትደረድር ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከረቫታቸውን አሳምረው ከፊት ተቀመጡ። ጠበቁ። ማንም የለም።

"ሰላምታው በዝቶ ይሆን?" አሉ ቀስ ብለው።

እንደዚያ አንገታቸውን ደፍተው አይታቸው እንደማታውቅ ነግራኛለች። አንጀቷን በሉት። ሌላ መልእክት ሊልኩ ስልካቸውን ሲያወጡ ኢሜይሉ አልከፈት አላቸው፤ በዚህ ጊዜ እታለም እየሮጠች ወደ እኛ መጣች።

"እሳቸው ናቸው!" አለች ቁና ቁና እየተነፈሰች። "አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው የጻፉት! ባዶ ወንበር መሀል ተቀምጠው እየጠበቋችሁ ነው!"

"አንቺንም አታልለውሽ ይሆናላ" አለ የመጋዘን ኃላፊው። "ያ የሥራ ማመልከቻ ጊዜ..."

ንግግሩን አልጨረሰም። የደረጃው በር ተበርግዶ ተከፈተ።

"ምን ትጠብቃላችሁ?! አዳራሽ ብያለሁ! አሁኑኑ!"

"እሳቸው ናቸው!" አለ የመጋዘን ኃላፊው፤ ከሁሉም ቀድሞ ደረጃውን ወጣ።

አዳራሹ ውስጥ ሁላችንም ከተቀመጥን በኋላ ለምን እንዳልመጣን ባለሙያው በአጭሩ አስረዳቸው። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ፊታቸው ቀላ፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። "ብቆጣ አጭበርባሪ፣ ብለማመጥ ሌባ!" እያሉ ዕንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወደ እታለም ዞረው፣ "ጨዋ ሰው ናቸው ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ ያንን መልእክት አላጠፋሁትም" አሏት። እሷ መነጽሯን ትፈልግ ጀመር።

የምሳ ሰዓቱ ተራዘመ። ሥራ አስኪያጁ ኮሪደር ላይ መጮኻቸውን ባይተዉም ጽሑፋቸው ሰላምታ አለው፤ እኛም ለምደነዋል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር የመጀመሪያ ጠዋቱን እታለም አጠገብ ተቀምጦ ማቆያውን ያያል፤ "እኔን ያየ ይቀጣ" እያለች የከፈተችውን ፋይል ታሪክ ሳትደብቅ ትነግረዋለች።

ባለቤቷ መኪና መንዳት ያስተምራል። አሁን ምሳዋን ቤቷ መብላት ስለቻለች፣ እኩለ ቀን ሲሆን ተማሪ መሪ ላይ እንዳስቀመጠ በር ላይ መጥቶ ይጠብቃታል። እሷ ከኋላ ትገባና የፊቱን ወንበር በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ትይዛለች። ትናንት መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ሲገባው ወደ ኋላ ሲንሸራተት በመስኮት አየናት፤ መሪ የያዘችውን ተማሪ "አይዞሽ እናቴ፣ ቀስ በይ፣ ሰዓት አለን" ስትላት ይሰማን ነበር።