ወንድሟን በሰው ቋንቋ

ፀጉር ሠሪዋ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ያሳደገች ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ዳዴ ይል ነበር። አድጎ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነ፤ ሳቁ ከአጥር ማዶ የሚሰማ፣ ሶኬት በተቃጠለ ቁጥር ሰፈሩ የሚጠራው ጎረምሳ ወጣው። የሥራ ጓደኛውን ዓይኑ እያየ ኤሌክትሪክ ከገደለበት ወዲህ ግን አፉ ተለጎመ። ካላጎረሱት አይበላም፤ ቢጠሩት አይዞርም። ራሱን ሊያጠፋ ሲል ለጥቂት ደርሳበት ሆስፒታል አስገባችው።

ሐኪሙ ከውጭ አገር የመጡ፣ ከእንግሊዝኛ ሌላ የማይሰሙ ሽማግሌ ናቸው። የምታስተረጉመው ነርስ ሥራ በዝቶባት አንድ እግሯ ሁልጊዜ በር ላይ ነው። ፀጉር ሠሪዋ እንባዋን እየጠረገች ትናገራለች።

«ሲስተር፣ ሰውን እንደ ግድግዳ ነው የሚያየው። የሚጠላውን ዘፈን ብከፍትበት እንኳ ዝጊው አይለኝም። ምነው በተቆጣኝ!»

ነርሷ ወደ ሐኪሙ ዞር ትልና «ሳድ» ትላለች። ይኸው ነው።

አንድ ዓርብ ደግሞ «ካልም» አለቻቸው። ሐኪሙ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን አልሽልኝ?»

«ተረጋግቷል አልኩልሽ። አይጮህ፣ አይረብሽ። ሰኞ ቤቱ ይገባል።»

ፀጉር ሠሪዋን ምድር ከዳቻት። «ተረጋግቶ አይደለም እኮ! ውስጡ አልቆ ነው!»

«ታዲያ እሱን በእንግሊዝኛ ምን ልበለው?» አለች ነርሷ። ክፋት አልነበራትም፤ ቃሉ ነበር ያጠራት።

ፀጉር ሠሪዋ ከዚያ በቀጥታ የሄደችው ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ ጎረቤቷ ዘንድ ነው። «ጋሼ፣ እንግሊዝኛ ያስተምሩኝ። እስከ ሰኞ።»

«እስከ ሰኞ? ልጄ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን አስተምሬውም አሁንም ይጠፋብኛል» ብለው ሊያስቋት ሞከሩ። እንዳልሳቀች ሲያዩ ወንበር ሳቡላት። «እሺ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?»

«ሆደ ባሻ። ግትር።»

«ሴንሲቲቭ። ስታበርን። አሁንስ?»

«በድን ሆኗል።»

«ናምብ።»

«ተስፋ የቆረጠ።»

ትንሽ አሰቡና «ሆፕለስ» አሉ።

ቅዳሜና እሁድ ፀጉር እያጠበች፣ እየጠቀለለች አጠናች። ምላሷ አልታዘዝ አላት። «ናምብ፣ ስታበርን፣ ሆፕለስ…» ስትል የሰማች ደንበኛ «አዲስ የመጣ ቅባት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። ፀጉር ሠሪዋ ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሲዞርባት ማድረቂያውን ከፍታ በጩኸቱ ተሸሸገች።

ሰኞ ስትደርስ ወንድሟ የቤቱን ልብስ ለብሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ነርሷ ሌላ ክፍል ተጠርታለች። ሐኪሙ የመውጫ ወረቀቱን ሊፈርሙ ሲሉ ፊታቸው ተደቀነች።

«ኖት ካልም» አለች። «ቢፎር፣ ሴንሲቲቭ። ስታበርን። ናው… ናምብ።»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ። ይህን ስታይ ደፈረች። «ማይ ብራዘር ኢዝ ሆፕለስ!»

ወንድሟ ቀና አለ። ለሳምንታት ቃል ያልወጣው አፉ ተከፈተ።

«የማልረባ ነኝ አልሽ፣ እታለም?»

ድምፁን በመስማቷ ልትጮህ ምንም አልቀራት። ያላት ሲገባት ግን ደርቃ ቀረች። ለካ እሱ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ነበር የተማረው።

«ምን አልኩ?»

«ሰውን ሆፕለስ ሲሉት የማይሆን፣ ተስፋ የማይጣልበት ማለት ነው።»

እግሩ ሥር ወደቀች። «አንተ ተስፋ ቆርጠሃል ማለቴ ነው እንጂ እኔ መች ቆረጥኩብህ? ቃል አጥቼ ነው፣ የኔ ጌታ! ቃል አጥቼ ነው!»

«አልተሳሳትሽም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐኪሙ የሚባባሉት ባይገባቸውም የሁለቱን ፊት አይተዋል። ነርሷን አስጠርተው፣ የተባለውን ሁሉ ከፀጉር ሠሪዋ ሰምታ አንድም ሳታስቀር እንድትነግራቸው አዘዙ። «አልተሳሳትሽም» ማለቱን ስትነግራቸው የመውጫ ወረቀቱን ቀደዱት፤ መድኃኒቱም ተለወጠ።

ልጁ ዛሬም እዚያው አልጋ ላይ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች፤ ጢሙን ትላጨዋለች፣ ታጎርሰዋለች። አንዳንድ ቀን «ደከመሽ አይደል?» ይላታል። ብዙውን ጊዜ ግን ጨርሶ አያያትም። እንዲህ ሲሆን መውጫው ደረጃ ላይ ትቀመጥና እግሯ እሺ እስኪላት ትጠብቃለች።