የጎማ ዋጋ በዜማ

ጀርመን አገር ዞሰንሃይም ስኖር፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት የኬረላ ሴት ይኖሩ ነበር። ኬረላ ደቡብ ሕንድ ነው፤ ቋንቋቸው ማላያላም ይባላል። በወጣትነታቸው ለነርስነት መጥተው ጡረታ እስኪወጡ ሆስፒታል ስለሠሩ፣ ሕንጻው በሙሉ «ሽቬስተር» ነበር የሚላቸው፤ ጀርመኖች ነርስን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። እኔ ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን ኖሬ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ነው ጡረታ የወጣሁት። የምንግባባው በጀርመንኛ ነው፤ የእሳቸው የተስተካከለ፣ የእኔ እንደ ነገሩ።

ያን ጊዜ ኦይሮፓፊርቴል የሚባለው አዲሱ ሰፈር ገና ክሬንና ጭቃ ነበር። የሽቬስተር ዓይን መሐሉ መጥፋት ጀመረ። ዳር ዳሩን ያያሉ፣ ፊት ለፊት ያለው ግን ይጠፋባቸዋል። ሐኪሙም የሄደው አይመለስም ብሏቸዋል። ደረጃውንም ገበያውንም ለመዱት። ያልለመዱት ጋዜጣ ማጣትን ነው። ያገራቸውን ጋዜጣ ሳያነቡ ውለው አያውቁም፤ ልጆቻቸው ደግሞ እዚህ ተወልደው ፊደሉን አይለዩም።

«አንብቡልኝ እያልኩ ሰው መለመን አልችልም» አሉኝ አንድ ቀን። «እኔ ሌላውን ደግፌ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

እሳቸው ቤት ክፍል የተከራየች ያገራቸው ልጅ ነበረች። ሪድበርግ ካምፓስ ፊዚክስ ትማራለች። በትርፍ ጊዜዋ ኮምፒውተሩ የማላያላም ጽሑፍ አይቶ በድምፅ እንዲያነብ ልታደርግ ተነሣች።

የእኔ ትምህርት የቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ዳዊት ደገምኩ፣ እዚያው ላይ ቆመ። ፊደልን ወደ ድምፅ መለወጥ ምን ያስቸግራል እል ነበር። ልጅቱ አስቀምጣ አሳየችኝ። አንዳንዱ ምልክት ከፊደሉ በፊት ይጻፋል፣ ሲነበብ ግን ከፊደሉ በኋላ ነው የሚሰማው። ሁለት ፊደል ተደርቦ ሌላ መልክ ይይዛል። አንዱ ፊደል ደግሞ ቃሉ መሐል ሲገባ ይለሰልሳል፤ ሰው ሳያስበው ያደርገዋል፣ ኮምፒውተር ግን ካልነገሩት አያውቅም። እሷ አንድ በአንድ ትነግረዋለች። ሲሳሳት አትቆጣም፤ መልሳ ትነግረዋለች። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየኔታ ዘንድ እንኳ አላየሁም።

ከሁሉ የገረመኝ የሚጠብቀውን ድምፅ ለይተው መጻፋቸው ነው። እኛ «አለ» ብለን እንጽፍና፣ ጠብቆ ይሁን ላልቶ አንባቢው ይወቀው እንላለን።

«ያገራችሁ ሰው ጠንቃቃ ነው» አልኳት።

«የእናንተ ደግሞ አንባቢውን ያምናል» አለችና ተሳሳቅን።

ከዚያ የሰው ድምፅ አስፈለጋት። የትኛው ድምፅ ምን ያህል እንደሚረዝም ኮምፒውተሩ ከሰው አፍ መማር አለበት። ሽቬስተር በማጉያ መነጽር ትልልቅ ፊደል ገና ያዩ ስለነበር «የእኔን ውሰጂ» አሉ። ልጅቱ ከጋዜጣ የወሰደችውን ወሬ በትልቁ አትማ ማይክሮፎን ፊት አስቀመጠቻቸው። ሽቬስተር ነጠላ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡና ስለ ጎማ ዋጋ የተጻፈውን እንደ መዝሙረ ዳዊት አዜሙት።

ኬረላ የጎማ ዛፍ አገር ነው፤ ዋጋው የቤት ወሬ ነው። ሽቬስተር ግን እንደኛው ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ጮክ ብሎ ማንበብን የተማሩትም በጸሎት ነው። እኔ አልሳቅሁም። እኔም ድምፄን አውጥቼ ሳነብ የመድኃኒት ወረቀት እንኳ ዜማ ይወጣዋል።

ልጅቱ በመጀመሪያው ቀን ነው የገባት፤ አጭሩ ድምፅ ሁሉ ተጎትቶ ረዝሟል። ታላቅን ሰው «አነባበብዎ አልሆነም» እንዴት ትበል? ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «አማቺ፣ ማይክሮፎኑ አስቸገረ፣ አንዴ ይድገሙልኝ» ትላለች። አማቺ እናት እንደማለት ነው። ሽቬስተር ይደግማሉ፤ ዜማው ይብሱን ያምራል። ዓይናቸው ግን አይጠብቅም። በየጊዜው ፊደሉን ከፍ አድርጋ ማተም ነበረባት።

አንድ ቅዳሜ ሽቬስተር ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ማይክሮፎኑ አዲስ ነው። የተበላሸው ምንድን ነው?»

ልጅቱ ዝም አለች።

«ለበሽተኛ የሚነገር ነገር ሲጠፋ እንዲህ ነው ዝም የሚባለው። እኔ ራሴ ስንቱን ዝም ብያለሁ! ንገሪኝ።»

«አማቺ...» አለች ልጅቱ አንገቷን ደፍታ፣ «የጎማ ዋጋ እየቀደሱ ነው።»

ሽቬስተር እስኪያስላቸው ሳቁ። «ዋጋው እንዲህ ወድቆ ማን አይጸልይም!»

ልጅቱም «ማይክሮፎኑን ይተዉት» አለች። «ለአጎቴ ያንብቡላቸው።» አጎቴ የምትለው እኔን ነው።

«እሳቸው ምን ይገባቸዋል?»

«እሱን ነው የምፈልገው! እንዲገባቸው ብለው ያነባሉ።»

ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ያነባሉ፣ በዓይናቸው ዳር ያዩኛል፣ በጀርመንኛ ይነግሩኛል። እኔም «ከዚያስ?» እላለሁ። ትንሽ ቆይቶ ዜማው ለቀቃቸው፤ ጎረቤት ለጎረቤት እንደሚያወራው ሆነ። መሐል ላይ «ይሄ ሚኒስትር ዛሬም ዋሸ!» ይጨምራሉ። ጋዜጣው ላይ የለም፤ ልጅቱ እየሳቀች ቆርጣ ታወጣዋለች። ክረምቱን እንዲህ አነበብን። ሲያልቅ ፊደሉ ምንም ያህል ቢያድግ አይታያቸውም ነበር።

የኮምፒውተሩ ድምፅ እንደ ጉንፋናም ሰው ነው የሚናገረው። ግን አጭሩ አጭር፣ ረጅሙ ረጅም ሆኖ ይወጣል። ሰው አፉ ውስጥ ይዞት ሳያውቀው የሚኖረውን ነገር አንዲት ልጅ ለቅማ አወጣችው። እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

አንድ ጠዋት ትኩስ ዳቦ ይዤላቸው ወጣሁ። ከውስጥ ያ ጉንፋናም ድምፅ ይሰማል። ደወልኩ። ሽቬስተር በሩን ገርበብ አድርገው ዳቦውን ተቀበሉኝ።

«አሁን ጋዜጣ እያነበብኩ ነው፤ በኋላ ይምጡ» አሉኝና ዘጉት።