ወንድሜ ስለ ቤታችን የዘፈነው

አባቴ የወንድሜን ዘፈን እንድተረጉምላቸው ሲጠይቁኝ፣ እኔ ከሰማሁት ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። እሑድ ዕለት ከቅዳሴ ወጥተው ደወሉልኝ። ከድምፃቸው ደስ እንዳላቸው ያስታውቃል።

«ወንድምሽ በሬዲዮ ዘፈነ አሉ» አሉኝ። «አንድ ወዳጄ የልጅ ልጁ ስታዳምጥ ሰምቶ ነው የነገረኝ። ስለ አባቱ ነው የሚዘፍነው አለኝ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ሲለኝ ዋለ። እስቲ መጥተሽ በአማርኛ ንገሪኝ።»

«ሰምተውታል?» አልኳቸው።

«ጩኸት ነው። የልጄ ድምፅ መሆኑን ግን ለይቻለሁ።»

ወንድሜ በአምስት ዓመት ያንሰኛል። ቀን ቀን ሊፍት ይጠግናል፤ ከሥራ መልስ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሮክ ይጫወታል። ግጥሙን የሚጽፈውም የሚዘፍነውም እሱ ነው፣ በስዊድንኛ። እናታችንን ከቀበርን ወዲህ የአባታችንን ደጅ ረግጦ አያውቅም። አባቴም ለምን ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።

ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማሁት ከምኖርበት ከሶለንቱና ወደ ሥራ ስሄድ፣ ባቡር ውስጥ ነው። ራሱ ነው የላከልኝ፤ አንድ ቃል እንኳን አልጻፈበትም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ የት እንዳለን አወቅሁ፤ ያደግንበት ሰፈር፣ ሮግስቬድ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ ላይ ከካፖርቶቹ መሃል የተንጠለጠለው ቀበቶ። አባታችን ዮርድብሩ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሱ ውለው ይመጣሉ። እናታችን አረጋውያን የምትንከባከብበት ቦታ የምሽት ተረኛ ነበረች። ቁልፉ በሩ ላይ ሲዞር ወንድሜ የያዘውን ሁሉ ያስቀምጣል። ወተት ከደፋ ይገረፋል። ከትምህርት ቤት ወረቀት ከመጣበት ይገረፋል። ከሁሉም በላይ ግን በአማርኛ ተጠይቆ በስዊድንኛ ከመለሰ ነበር። እኔን አንድም ቀን አልነኩኝም። ለምን እሱን ብቻ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

እኔ በዚያ ሰዓት ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው እከፍት ነበር። የታጠበውን ሳህን መልሼ አጥባለሁ። ይህን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ዘፈኑ ውስጥ ግን አለ፦

እህቴ ውሃውን ከፈተችው፣
ንጹሕ ሳህን ታጥባለች፣
ንጹሕ ሳህን ታጥባለች።

ሁለት ጊዜ ነው የሚለው፤ ሁለተኛው ላይ ይጮኻል። የምወርድበት ጣቢያ አለፈኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሮግስቬድ፣ አባቴ ዛሬም ወደሚኖሩበት ወደዚያው ቤት ሄድኩ። አባቴ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ኮት ለብሰው ተቀመጡ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት።

«አባባ፣ ይቅርብዎ» አልኳቸው። «ደስ የሚል ዘፈን አይደለም።»

«ስደት መቼ ደስ ይላል? ንገሪኝ።»

ስንኝ በስንኝ እያቆምኩ መተርጎም ጀመርኩ። «ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። ቁልፉ ሲዞር ትንፋሼን እይዛለሁ» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቋንቋዎን እንድወድ መቱኝ፤ አሁን በዚያ ቋንቋ ማልቀስ እንኳን አልችልም።» እዚህ ላይ ራሳቸውን መነቅነቅ ተዉ።

«እርስዎ እያለ ነው የሚዘፍነው?» አሉኝ።

በስዊድንኛ ለሽማግሌም ለሕፃንም ያው አንድ ቃል ነው። ሳላስበው እርስዎ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

«አይደለም» አልኩ። «አንተ ነው የሚለው።»

«እንደሱ አድርገሽ ንገሪኝ እንግዲያው።»

በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴን አንተ አልኳቸው። «ቀበቶውን ከካፖርቶቹ መሃል ስታወርድ እጅህ አይንቀጠቀጥም። የሚያበቃው ይቅርታ ስልህ አይደለም። አንተ ሲደክምህ ነው።» ቃሉ አፌ ውስጥ ከበደኝ፤ ግን ደግሞ ማቆም አልፈለግሁም። የምናገረው የወንድሜን ይሁን የራሴን መለየት አቃተኝ።

ስለ ውሃው የሚለው ጋ ስደርስ ዘለልኩት። ወደሚቀጥለው ስንኝ ሳልፍ አባቴ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። ቫተን አለ። ውሃ ማለት አይደለም? እሱን አልነገርሽኝም።»

የአባቴ ስዊድንኛ የመጋዘንና የሱቅ ነው። ውሃን ግን ያውቁታል።

ነገርኳቸው። እሳቸው የሠሩትን አንድ በአንድ፣ ፊት ለፊታቸው ተርጉሜ፣ የሸሸግሁት የራሴን ብቻ ነበር። አፍሬ ጠረጴዛውን አየሁ።

«ትሰሚ ነበር ማለት ነው» አሉ።

«እሰማ ነበር።»

«እኔኮ ቴሌቪዥን የምታዪ ይመስለኝ ነበር። እናትሽስ?»

«ታውቅ ነበር። ስትመለስ ጀርባውን ቅባት ትቀባው ነበር።»

አባቴ በወጣትነታቸው አገር ቤት ታስረው ተገርፈዋል። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። አሁን ያነሱታል፣ በዚያ ያመካኛሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላነሱትም። ያሉት ሌላ ነበር።

«ሰዎቹ እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ እኮ። እንግዲህ እሑድ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?»

«አባባ፣ የሚያሳስብዎት እሱ ነው?»

ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ሁልጊዜ እንደምናደርገው እኔ በአማርኛ፣ እሱ በስዊድንኛ ተነጋገርን። የጊታሩን ክር እየቀየረ ነበር።

«ለአባባ ተረጎምኩላቸው» አልኩት።

«ሁሉንም?»

የዘለልኩትን ነገርኩት። አባታችን ቫተን የሚለውን ሰምተው እንዴት እንደያዙኝም ነገርኩት። አልሳቀም።

«ያንን የጻፍከው ልትወቅሰኝ ነው?» አልኩት።

ክሩን አጥብቆ እስኪጨርስ አላየኝም። «ስጽፈው አዎ» አለ። «ተናድጄብሽ ነበር። እየደጋገምኩ ስዘፍነው ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ውሃው ሲወርድ እየሰማሁ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ አውቅ ነበር። ጆሮዬን እዚያ ላይ አደርጋለሁ። ባይኖር ይብስ ነበር።»

«ታዲያ ትክክሉ የትኛው ነው?»

«ሁለቱም። ሁለት ጊዜ የምለው ለዚህ ነው።»

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። አማርኛውን በደንብ ይሰማል። «ዐሥራ ሦስት ዓመትሽ ነበር» አለኝ። ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላለኝም፤ እኔም አልጎተጎትኩትም። አዲሱን ክር ሞክሮ ጊታሩን ግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ ወደ ልምምዱ ሊሄድ ሰዓቱ ደርሶ ነበር።

አባቴ ለአንድ ወር ያህል ቤተ ክርስቲያን ቀሩ። ከዚያ ማንም በማያውቃቸው፣ ከተማውን አቋርጠው በሚደርሱበት ሌላ ደብር ማስቀደስ ጀመሩ። አንድ ረቡዕ ምሳ ይዤላቸው ስሄድ፣ «ለወንድምሽ በስዊድንኛ ጻፊልኝ» አሉኝ። ያሉት ይኼን ብቻ ነው፦ «አባትህ ነኝ። ዘፈኑን ሰማሁት። እውነት ነው።»

«ይቅርታ የሚል ልጨምርበት?» አልኳቸው።

«ዛሬ ይቅርታ ብለው ያምነኛል?» አሉ። «እውነት ነው ካልኩት ይበቃል።»

ይበቃል ብዬ አላምንም። ቢሆንም ያሉትን ብቻ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩና ከራሳቸው ስልክ ላክሁት። ወንድሜ አንብቦታል፤ አልመለሰም። ስጠይቀው፣ «አንብቤዋለሁ» ብሎኝ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ።

ይህ ከሆነ ክረምቱ አልፎ በረዶው ቀልጧል። አሁንም ረቡዕ ረቡዕ እሄዳለሁ። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ መድኃኒታቸው እናወራለን፤ ወንድሜን አናነሳም። ስልካቸው በጮኸ ቁጥር ግን ወሬውን አቋርጠው፣ ጉልበታቸውን እየደገፉ ሊያዩት ይነሳሉ። እስካሁን ከጤና ጣቢያው በቀር የደወለ የለም።