የእትዬ ዘምዘም ግድግዳ

ሰሞኑን ለአንድ ሆቴል የሣልኩትን ሥዕል በባጃጅ ጭኜ ቦንጋ ገበያ አጠገብ ሳልፍ፣ ሾፌሩ ልጅ መንገዱን ትቶ በስፖኪዮው ሥዕሉን ያያል። «ጋሼ፣ ይሄ አገር የት ነው?» አለኝ። «አንተ ፊት ፊትህን እይ፤ ሥዕሉ የትም አይሄድብህም» አልኩት። ጥያቄው ግን ወደ ወጣትነቴ ዘመን፣ ከቦንጋ ወዲያ ወዳለችው ትንሽ ከተማ ወደ ዋጫ መለሰኝ።

ያኔ የቀለም ጣሳና ብሩሽ በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ፣ ባገኘሁት አይሱዙ ላይ እየተጫንኩ፣ ከከተማ ከተማ ታፔላ የምጽፍ ወጣት ነበርኩ። ጅማ፣ ሆሳዕና፣ ሀዋሳ፣ ሚዛን። እናቴ «እግርህ ቤት አይውልም» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዋጫ ደረስኩ። ጭቃው ገና አልጠነከረም። እትዬ ዘምዘም የሚባሉ የወሎ ሴት ሻይ ቤት ነበራቸው፤ ትኩስ ጮርናቄና ዝንጅብል ያለው ሻይ አቀረቡልኝ። ታፔላ ልጻፍልዎ ብላቸው ሳቁ።

«ሻይ ቤቴን ማን ያጣዋል? ይልቅ እዚህ ግድግዳ ላይ አገሬን ሣልልኝ። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር። ልጆቼ እዚህ ተወልደው የእናታቸውን አገር አያውቁትም።»

«እኔም አላየሁትም፣ እትዬ።»

«አብሽር፤ እኔ እነግርሃለሁ።»

ፊደል ብቻ ስጽፍ ለኖርኩት ለእኔ የመጀመሪያዬ ሥዕል ነበር። ደስታው ምግብ አስረሳኝ እንዳልል ጮርናቄው አልፈቀደም። እሳቸው ሊጥ እያሹ ይነግሩኛል፣ እኔ እሥላለሁ። ውሃው ሰፊ ነው ሲሉ የሀዋሳን ውሃ አመጣሁ። ወደ ውሃው የሚወርድ መንገድ አለ ሲሉ የጎጀብን ቁልቁለት አወረድኩ። አባቴ ንብ ነበረው ሲሉማ ምን ይጠየቃል፤ ማንኪራ ጫካ እንዳየሁት ትልቅ ዛፍ አቁሜ ቀፎዎቹን ጫፉ ላይ ሰቀልኳቸው። ጓሮውን ደግሞ እንሰት ሞላሁት። ያለ እንሰት ጓሮ መኖሩን እንኳ አስቤ አላውቅም።

ስጨርስ እትዬ ዘምዘም እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጥተው ቆሙ። ኖራ ቅባበት ቢሉኝስ ብዬ ሰጋሁ።

«ቀፎው ዛፍ ላይ ምን ይሠራል?»

«ንብ እንዲገባበት ነዋ።»

«እኛ ቤት ቀፎ ከግድግዳው ጥግ ነው የሚቀመጥ። አባቴን በስተርጅናው ዛፍ አስወጣኸው።» እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንሰቱን ሲያዩ፣ «ይሄስ እኛ አገር የለም» ብለው ሳቁን እንደገና ጀመሩት።

«አስተካክለዋለሁ» አልኩ አፍሬ። ይሄኔ ትንሿ ልጃቸው ጣቷን እንሰቱ ላይ አድርጋ፣ «እማ፣ አያቴም እንደኛ ቆጮ ይበላል?» አለች።

እትዬ ዘምዘም ልጅቷን አዩ፤ ግድግዳውን አዩ። «አትንካው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ያባቴ ቤት እንዲህ አይደለም። ግን ልጆቼ ገብተውበታል።»

ከዚያ ወዲህ የሣልኩት አገር ሁሉ እንደዚያ ግድግዳ ነው፤ የአንዱ ውሃ፣ የሌላው ቁልቁለት፣ እግሬ የለቀመውን ሁሉ አንድ ላይ አኖራለሁ። ከዓመታት በኋላ ሐይቅን በዓይኔ አየሁት። ከሣልኩት እጅግ ያምራል። ውሃው ዳር ቆሜ ግን ዓይኔ ዛፎቹ ላይ ቀፎ ይፈልግ ነበር፤ ሳጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅር አለኝ።

ሥዕሉን ሆቴሉ በር ላይ ሳወርድ ባለባጃጁ አሁንም አልተወኝም።

«ጋሼ፣ እኔ ግን ቦታውን አውቀዋለሁ። የአያቴን ጓሮ ነው የሚመስለው። እሷ ጋ ውሃ የለም እንጂ።»

«ውሃውንማ» አልኩት፣ «እኔ ነኝ ያመጣሁላት።»